የአንገት ታዛቢው

የኪሩቤል ሥራ አንገት ማየት ነው። በአዳራሹ የኋላ ግድግዳ ሥር ከፍ ያለ ወንበር ይሰጡታል፤ ከዚያ ላይ ሆኖ የሰሚዎቹን ማጅራት ይመለከታል። ሥራውን ያስተማሩት ሰዎች ፊት ይዋሻል፣ አንገት አይዋሽም ብለውታል። ሰው ሲጠራ ከአፉ ቀድሞ የሚመልሰው አንገቱ ነው።

ደንቡ አጭር ነው። ሰዎች አንድ ላይ የሚሰሙት ድምፅ ማንንም ካልጠራ ድባብ ይባላል፤ ድባብ በፈቃድ ይሰማል። አንድ ሰው እንኳ ካስነሣ፣ ዘወር ካስባለ፣ «አቤት» ካሰኘ ጥሪ ነው። ጥሪ ክልክል ነው። ጥሪ ያሰማ ሰው ጆሮው ይቆለፋል።

ጣሪያው ላይ ካሜራ አለ። ካሜራው ማን እንደተንቀሳቀሰ ያውቃል፤ ለምን እንደተንቀሳቀሰ ግን አያውቅም። ሰው ቁንጫ ሲበላውም ይዞራል። ስለዚህ ቢሮው እስካሁን ሰው ይቀጥራል። ሽማግሌ ይመርጣል፤ ሽማግሌ ደመወዙ ትንሽ ነው፣ ከወንበሩም ቶሎ አይነሣም።

የዚያን ዕለት ጠዋት ኪሩቤል ወደ ሥራ የሄደው እንደ ልማዱ በአውቶቡስ ነው። እንደማንኛውም ሰው ፍሬው፣ ለእያንዳንዱ የሚስማማውን ድምፅ እየመረጠች የምታሰማው ትንሽ መሣሪያ፣ ጆሮው ውስጥ ነበረች። ፍሬዋ ለሱ የመረጠችው የወንዝ ድምፅ ነበር። ከፊቱ የተቀመጠች ሴት ታለቅሳለች፤ ከጎኗ ያለው ወጣት በጣቱ ጉልበቱን እየመታ ይስቃል። እሷ የሱን አትሰማም፣ እሱም የሷን አይሰማም። ሾፌሩ አፉን ከፍቶ ይዘፍናል፤ ምን እንደሚዘፍን የሚያውቅ የለም። አንድ ሕፃን እናቱ ጭን ላይ ሆኖ ሲያለቅስ ፊቱ ቀልቷል። አውቶቡሱ ጭጭ ያለ ነው።

ፍሬዋ ሰውን ለማስቸገር አልተሠራችም፤ ከውጭ የምታስገባው ፊት ለፊት የሚያነጋግረውን ሰው ብቻ ነው። ጎረቤቱ መታጠቢያ ቤት ወድቆ ሲጣራ እንዳደረ ኪሩቤል ያወቀው አስከሬኑ ሲወጣ አይቶ ነው። በመካከላቸው ያለው ግድግዳ ስስ ነው። ያን ሌሊት ፍሬዋ ያሰማችው ዝናብ ነበር፤ ጥሩ እንቅልፍ ተኝቷል።

ሞትም ሲመጣ እንዲሁ ነው። ፍሬዋ የሰውየውን ደም ግፊት፣ እንቅልፉን፣ ሆዱን ሳይቀር ትመዝንና የሚችልበት ቀን እስኪደርስ መርዶውን ይዛ ትቆያለች። ቀብር ላይ የሚገኘው የሚችል ሰው ብቻ ነው። ብዙ ጊዜ ቆፋሪዎቹ ከቀባሪዎቹ ይበዛሉ። ፍሬዋ ካልጠየቋት አትናገርም፤ ከጠየቋት ግን አትዋሽም፤ ይህም በደንብ ነው። ነገር ግን ጠዋት ተነሥቶ ማን ሞተብኝ ብሎ የሚጠይቅ ሰው የለም።

ኪሩቤል ናሆም የሚባል ታላቅ ወንድም አለው፤ ቢሾፍቱ ይኖራል። እሑድ ማታ በፍሬዋ በኩል ይደውልና ሁልጊዜ አንዲት ቀልድ ይቀልዳል። «አሁንም የሰው አንገት ትጠብቃለህ? ገመዱን ማን ያዘልህ?» ይላል። ኪሩቤል አይስቅም፤ ወንድሙ ግን ለሁለቱም ይስቃል። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ እሑድ ማታ ፍሬዋ ዋሽንት ታሰማዋለች። ደስ የሚል ዋሽንት ነው። ኪሩቤል ወንድሙ ወደ ልጆቹ ሄዶ ይሆናል ብሎ አስቧል። አልጠየቀም።

አዳራሹ ጉለሌ ውስጥ የድሮ አውቶቡስ መጠገኛ ነው። ወለሉ ላይ ያለው የዘይት እድፍ አልለቀቀም። ኪሩቤል ሲደርስ ድምፁን የምታሰማው ሴት ወለሉ ላይ ተቀምጣ ሽቦ ታያይዝ ነበር። ትርሲት ትባላለች፤ ሠላሳ ዓመት ያለፋት፣ ቀጭን፣ ፀጉሯን ያሳጠረች ሴት ናት። መተዳደሪያዋ የድሮ የሙዚቃ ሸክላ የሚያጸዳ ክፍል ውስጥ ነው። እዚያ ማሽኑ ዘፈኑን ለብቻው ያወጣና የቀረውን ይጥላል፤ የመርፌውን ጭረት፣ የዘፋኙን ሳል፣ የወንበር ሲጥታ፣ በመስኮት የገባውን የውሻ ጩኸት። እሷ የሚጣለውን ትሰበስባለች። ዘፈኑን አትፈልገውም። በዚያ ላይ ከየትም የቃረመችውን ትጨምርበታለች፤ ጄሪካን ውስጥ የሚንጠባጠብ ውኃ፣ ወንፊት፣ የጃኬት ዚፕ። ከዚያ ቅርፁ እስኪጠፋ ትጎትተዋለች። አንድ ሳል ከቤት እስከ ገበያ እስኪያደርስ ድረስ።

ስታየው ብድግ አለች።

«ጋሼ፣ ዛሬ እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ።»

«ባለፈው የመጣው ታዛቢ እንቅልፍ ወስዶት ነበር። አልከሰስኩትም። ለኔ ማንኮራፋት ጭብጨባ ነው።»

ኪሩቤል ወንበሩን ፈተሸ። እግሩ ይነቃነቃል፤ ካርቶን አጥፎ ደገፈው። ከዚያ እንደ ደንቡ ጠየቃት። የሚጠራ ነገር አለበት? የለበትም አለች። የማሽን ፈተና አልፏል? አልፏል። ሁሉንም? እዚህ ላይ ትንሽ ዘገየች።

«መጨረሻ ላይ አንድ አለ» አለች። «ከአንድ አሮጌ ሸክላ ያገኘሁት ነው። ዘፈኑ ከመጀመሩ በፊት ከውጭ ይገባል፤ ማታ ማታ ሳዳምጠው ከረምኩ። በሬ ይመስለኛል። ጓደኛዬ መርከብ ነው አለኝ። ጉለሌ ምን መርከብ አለ አልኩት።»

«ማሽኑ ምን አለ?»

«ከብት ወይም ነፋስ ብሎ አሳለፈው። እስቲ አንድ በሬ ማንን ይጠራል?»

ኪሩቤል አስቀድሞ እንዲሰማው አልተፈቀደለትም። ታዛቢ አስቀድሞ ከሰማ አንገት ሳያይ ድምፁን ይጠብቃል ይላል ደንቡ። ስለዚህ አሰሚኝ አላላትም። ይልቅ ሌላ ነገር ጠየቃት።

«ያፌትን ታውቂዋለሽ?»

«አስተማሪዬ ነበር» አለች። ሽቦውን ማሰር አልተወችም።

ያፌት የድሮ ሰፈር ድምፆችን ያሰማ የነበረ ሰው ነው። አንድ ቀን አሮጌ ዕቃ የሚሰበስቡ ሰዎች በየደጁ እየዞሩ «ቆራሌው» የሚሉትን አሰማ። ከሰሚዎቹ መካከል አንዲት አሮጊት ተነሥተው ቦርሳቸው ውስጥ ባዶ ጠርሙስ ይፈልጉ ጀመር። በማግሥቱ ጆሮው ተቆለፈ። አሁን ቢሮው የመደበለትን ብቻ ይሰማል። የሰው ድምፅ አይገባለትም፤ ፍሬውን ማውጣትም አይችልም፤ ቢጠይቃት አትመልስም።

«ማክሰኞ ማክሰኞ እሄዳለሁ» አለች ትርሲት። «እጁን እይዘዋለሁ። ምን እያሰሙት እንደሆነ አላውቅም። ይስቃል።» ከዚያ ቀና ብላ አየችው። «ያኔ ታዛቢው እርስዎ ነበሩ አሉ።»

«ነበርኩ።»

«አሮጊቷ በእውነት ተነሥተው ነበር?»

«ተነሥተው ነበር።»

ራሷን ነቀነቀች። እጇ ግን ሽቦውን ሁለተኛ አስሮ፣ ፈትቶ፣ እንደገና አሰረው።

ሰሚዎቹ ከምሳ በኋላ ገቡ። አብዛኞቹ ወጣቶች ናቸው፤ ጥቂት ሽማግሌዎችም አሉ። እማማ ሜሮን እንደ ሁልጊዜው መጀመሪያው ረድፍ ላይ ተቀመጡ። አንድም ዝግጅት አያመልጣቸውም። ድምፁን ይወዱት እንደሆነ ኪሩቤል አንድ ጊዜ ጠይቋቸው ነበር። እንዴት ይወደዳል፣ ወፍጮ ቤት ይመስላል አሉት። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ፍሬዎቹ ሁሉ ለአንድ ሰዓት ለውጭ ድምፅ ይከፈታሉ፤ እሳቸው የሚመጡት ሌላ ሰው ሲተነፍስ ለመስማት ነው።

አለቃው ባንተይርጋ ውጭ በቆመ መኪና ውስጥ ስክሪኑ ፊት ተቀምጧል። ትሑት ወጣት ነው። ኪሩቤል ፍሬውን አውጥቶ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተ፤ ታዛቢ በባዶ ጆሮ ነው የሚሠራው። ወንዙ ቆመ። የጣሪያው ቆርቆሮ በፀሐይ ሲንጣጣ ተሰማው። አንድ ሰው አፍንጫውን ሳበ። አውራ ጣቱን የወንበሩ ክንድ ላይ ባለው፣ አንገት ሲዞር በሚጫነው ቁልፍ ላይ አኖረ።

ትርሲት መርፌውን አሳረፈች።

መጀመሪያ የመርፌው ጭረት ብቻ ነበር፤ ደረቅ ሣር ውስጥ እሳት ሲሄድ እንደሚሰማው ዓይነት። ከሥሩ አንድ ሳል ገባ፤ ሳሉ እየረዘመ፣ እየወፈረ፣ ሳል መሆኑ እስኪጠፋ ሄደ። ጄሪካኑ ይንጠባጠባል። ኪሩቤል ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ አየ። አንገቶቹ ሁሉ ባሉበት ናቸው። ዚፑ ሲመጣ የአንድ ወጣት ትከሻ ሽቅብ ወጣ፤ የኪሩቤልም ጣት ቁልፉን ገፋ፣ ግን እስከ መጨረሻው አልተጫነም። ወጣቱ ተመልሶ ረገበ። ብርድ ነው አለ ኪሩቤል በልቡ። ትርሲት አላየችውም፤ ዓይኗ ሸክላው ላይ ነበር፤ ግንባሯ አላበው።

ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል የመጨረሻውን ሸክላ ለወጠች።

ድምፁ ከሩቅ መጣ። እውነትም በሬ ይመስላል። ዝቅ ያለ፣ የተጎተተ፣ መጀመሪያውም መጨረሻውም የማይታወቅ ነበር። ትርሲት ቀስ በቀስ ወደ ራሱ ፍጥነት ለቀቀችው። ወፍራሙ ድምፅ ቀጠነ፤ ከመሬት ተነሥቶ ወደ ላይ ወጣ፤ ተሰነጠቀ። አንድ ጊዜ ረዝሞ ቆመ። ቀጥሎ ሁለት ጊዜ አጭር አጭር። እንደገና ረጅም።

በሬ አልነበረም። የእድር ጥሩንባ ነበር። ሸክላው የተቀረጸበት ቤት መስኮት ሳይዘጋ ቀርቶ፣ ማንነቱ ለማይታወቅ አንድ ሟች በመንገድ ላይ ሲነፋ ገብቷል።

ኪሩቤል ልጅ ሳለ በሰፈራቸው ማለዳ ማለዳ አንድ ሰውዬ እየነፋ ያልፍ ነበር። ይነፋል፣ ይቆማል፣ የሟቹን ስም ይጠራል፣ ቀብሩ የት እንደሆነ ይናገራል፣ ይሄዳል። እናታቸው ድምፁን ሲሰሙ የያዙትን ጥለው ይቆሙ ነበር። ልጆቻቸውንም ያቆማሉ። እሱና ናሆም ዳቦ በአፋቸው ይዘው ጎን ለጎን ቆመው ስሙ እስኪጠራ ይጠብቃሉ። ናሆም አንድ ቀን አልነሣም ብሎ ተቀመጠ፤ እናታቸው ጆሮውን ይዘው አነሡት። «ጥሩንባ ተቀምጦ አይሰማም» አሉት። «ተቀምጦ የሰማ ቀባሪ ያጣል።»

አሁን ኪሩቤል ቆሟል። መቼ እንደተነሣ አላወቀም። ወንበሩ ከኋላው ወድቋል፤ ካርቶኑ ወጥቷል። ጣቱ ቁልፉ ላይ የለም። ባርኔጣውን አውልቆ ደረቱ ላይ ይዞታል።

ሸክላው ላይ ጥሩንባው አበቃ። ስሙ መጠራት የነበረበት ቦታ ላይ ጭረት ብቻ ቀረ። ኪሩቤል ጠበቀ። ስም አልመጣም።

«ማን ሞተ?» አለ።

ጮክ ብሎ ነው ያለው። አዳራሹ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ሰማው፤ አንገቶቹ ሁሉ ዞሩ። በሥራ ላይ ሆኖ ፊታቸውን ሲያይ የመጀመሪያው ነው።

እማማ ሜሮን ተነሡ። ነጠላቸውን ከትከሻቸው አውርደው ለለቅሶ እንደሚለበሰው አዘቀዘቁት። ሌሎቹም ሽማግሌዎች ተራ በተራ ቆሙ። ወጣቶቹ ጥሩንባ አያውቁም፤ ግን የተጠየቀው ጥያቄ ገባቸው። አንዲት ልጅ እጇን ጆሮዋ ላይ አድርጋ አዲስ ቃል እንደሚለማመድ ሰው በሹክሹክታ «ማን ሞተ?» አለች። ከጎኗ ያለውም ጠየቀ። ከዚያ ወዲያ ሹክሹክታው በየረድፉ ሄደ።

ፍሬዎቹ ከተጠየቁ አይዋሹም።

ልጅቷ አዳመጠች። አንገቷ ቀስ ብሎ ወደቀ። ወዲያ ጥግ አንድ ጎልማሳ «አባዬ? መቼ?» አለ። አንዱ ወደ በሩ ሮጠ፤ መንገድ ላይ ቆመ፤ ተመለሰ፤ ተቀመጠ። እማማ ሜሮን ረጅም ጊዜ ካዳመጡ በኋላ ወደ ኪሩቤል ዞሩ።

«ጓደኛዬን ብሌንን ቀብረዋታል» አሉ። «ከፋሲካ በፊት ነው አሉ። እኔ ሰላምታ ስልክላት ነው የከረምኩት።»

ትርሲት ሸክላውን አነሣች። ፊቷ አመድ መስሏል። የሆነው ገብቷታል፤ የቆሙትን ስትመለከት ያፌትን እያሰበች እንደሆነ ኪሩቤል አወቀ። ውጭ የመኪናው በር ተከፈተ።

ባንተይርጋ ሲገባ ቁና ቁና ይተነፍስ ነበር። የቆሙትን፣ የሚያለቅሱትን፣ የወደቀውን ወንበር አየ። ድምፁን ግን አላነሣም። ለትርሲት ከሸክላዋ እንዳትርቅ ነገራት፤ ከዚያ ወደ ኪሩቤል ሄደ።

«ጋሽ ኪሩቤል፣ ካሜራው ብዙ ሰው ተነሥቷል ይላል። ቁልፉን አልተጫኑም።»

«አልተጫንኩም።»

«ድምፁ ጥሪ ነው?»

ትርሲት ሸክላውን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ ይዛው ነበር። ኪሩቤል እሷን አላያትም።

«ማን ቀድሞ እንደተነሣ እይ» አለ።

ባንተይርጋ የእጁን ስክሪን አየ። ወደ ኋላ መለሰው። እንደገና አየው።

«እርስዎ ነዎት።»

«ከኔ በፊትስ?»

«ማንም የለም።»

«ድምፁ አልቆ ነበር? እኔ ስናገር?»

«ድምፁ አልቋል። ከእርስዎ በቀር ማንም አልተንቀሳቀሰም። ከዚያ እርስዎ ተናገሩ፤ ሰው ተነሣ።»

«እንግዲያ ያነሣቸው እኔ ነኝ። ታዛቢ ሰሚ አይደለም ይላል ደንቡ። ሰሚዎቹን ሸክላው አላስነሣቸውም። ድባብ ነው።»

ባንተይርጋ ወደ እማማ ሜሮን ዞረና እሳቸው ለምን እንደተነሡ ጠየቃቸው። ፊታቸው ርሷል፤ ነጠላቸው እንደተዘቀዘቀ ነው።

«እሱን አይቼ ነዋ» አሉ። «ትልቅ ሰው ባርኔጣ አውልቆ ቆሞ እኔ ልቀመጥ? ደግሞ ያን የወፍጮ ድምፅ ሰምቶ ማን ይነሣል?»

ሌሎቹም ተጠየቁ። ሁሉም ሽማግሌውን አይተን ነው አሉ። አንዳንዶቹ እውነታቸውን ነበር።

ባንተይርጋ ስክሪኑን አጠፋ። ለትርሲት ዕቃዋን ሰብስባ መሄድ እንደምትችል ነገራት። ከዚያ ወደ ኪሩቤል ጠጋ አለ። ሲናገር የሚያየው ወለሉ ላይ ያለውን የዘይት እድፍ ነበር።

«እንግዲህ ጥሪው የእርስዎ ድምፅ ነው ማለት ነው፣ ጋሼ።»

«ነው።»

«ደንቡን ያውቁታል። ነገ ጠዋት ይመጣሉ። ከዚያ በኋላ ፍሬዋ ጥያቄ አትቀበልም።»

«አውቃለሁ።»

«ቤት ገብተው ይረፉ። የሚደውሉለት ሰው ካለ ዛሬ ይደውሉ።»

ወጣቱ ወጣ። የመኪናው በር ሲዘጋ ግን አልተሰማም፤ ደጃፉ ላይ ቆሞ ነበር።

ትርሲት መጣች። ከዚያ ሸክላውን ዘረጋችለት። ኪሩቤል ተቀበላት፤ አገላብጦ አየው፤ መልሶ ሰጣት።

«በሬ አይደለም» አላት። «ሰው ሲሞት ነው የሚነፋው። ከሱ ቀጥሎ ስም ይጠራል። ስም ሳይኖር አታሰሚው።»

«እሺ፣ ጋሼ።»

«ማክሰኞ ያፌት ጋ ስትሄጂ እኔም ጋ እለፊ። ቤቴ ከዚያ አይርቅም። አልሰማሽም፤ እጄን ያዥኝ ብቻ።»

ኪሩቤል ፍሬውን ከደረት ኪሱ አወጣ። በአውራ ጣቱ ጠረጋትና ጆሮው ውስጥ አገባት። ወንዙ ጀመረ። ለሱ የሚስማማው ወንዝ ነው፤ ጠጠር ላይ የሚሄድ፣ ሩቅ ያልሆነ። ወንዙን አቁሚ አላት፤ አቆመች።

«ወንድሜ ናሆም ደህና ነው?» አለ።

ፍሬዋ ወትሮ ወዲያው ትመልስ ነበር። አሁን ቆየች። ቆርቆሮው ይንጣጣል። ከፊት ረድፍ ያችው ልጅ ታለቅሳለች፤ ሰው ተሰብስቦባታል፤ የማያውቋት ሰዎች ናቸው። እማማ ሜሮን ቀስ ብለው መጥተው ከጎኑ ቆሙ።

«አቶ ኪሩቤል» አለች ፍሬዋ በለስላሳ ድምፅ፣ «መጀመሪያ ይቀመጡ።»

እማማ ሜሮን የወደቀውን ወንበር አነሡለት። በእጁ ወደ ጎን ገፋው።

«ቆሜ ነው የምሰማው» አላት።